በዋስ የገዛሁት ላፕቶፕ

ዕድሜዬን በሬ ስገዛ ኖሬአለሁ። ተታልዬ የገዛሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ ሲጥል ጥርሱን ሳላይ ስለገዛሁት ነው። ስለዚህ ልጄ «ላፕቶፕ ያስፈልገኛል» ስትል ከዚህ ቤት ከእኔ የተሻለ ገዢ የለም ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤት ሣቀ። ይሣቅ። ሣቂዎቹ እኮ በሬም ሲገዙ እኔን ነው ይዘው የሚሄዱ።

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል ለየሁ፣ ዳዊት ጀመርሁ፣ ሳልጨርስ አባቴ ለእርሻ አወጣኝ። የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ገበያ የሚያስተምረው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።

ልጄ የመጨረሻዬ ናት። በቀበሌያችን ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ታስተምራለች። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፍኖተ ሰላም እየተመላለሰች ለዲግሪዋ ስትማር አራት ዓመት ሞላት። ትምህርቱ አልቆ የቀራት አንድ የጥናት ጽሑፍ ብቻ ነበር። ጥናቱ ልጆች በገበያ ቀን ለምን ከትምህርት ይቀራሉ የሚል ነው።

«ይህን ለማወቅ አራት ዓመት መማር ያስፈልጋል ወይ?» አልኋት። «እኔን ብትጠይቂኝ እኮ በአንድ አፍ እነግርሽ ነበር።»

«ጠይቄዎታለሁ እኮ አባዬ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አሉ።»

ባለፈው ዓመት ጽሑፉን በእጇ ጽፋ ከተማ ካለ የኮምፒውተር ቤት እንዲጽፉላት ሰጥታ ነበር። ቀኑ ሊደርስ ሲል «ቫይረስ በላው» አሏት። ቫይረስ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ የልጄን ፊት ግን አይቻለሁ። ቀኑ አለፈ። ዘንድሮም ካለፈባት ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ አራቱ ዓመት እንዳልነበረ ይሆናል። ጽሑፉ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ በኢንተርኔት ተልኮ፣ በመጋቢት ገብርኤል ዕለት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት መድረስ አለበት ተብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ካልተናገርሁት ሌላው አይገባም። ይህች ልጅ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አጨዳ ደርሶ ሰው አጥቼ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት አስቀመጥኋት። አልተቆጣችኝም። ባትቆጣኝም እኔ አልረሳሁትም።

ቡሬ አንድ የማውቀው ነጋዴ አለ። አባቱ በዚያው ሱቅ ጨርቅ ሲነግድ እኔ በርበሬዬን ይዤ ስወጣ የማርፈው እነሱ ዘንድ ነበር። በእኛ ፋሲካ እነሱን፣ በእነሱ ዒድ እኛን እንጠራራ ነበር። አባቱ ካረፈ ወዲህ ልጁ ጨርቁን ትቶ ስልክና አሮጌ ኮምፒውተር ይሸጣል። እዚያ ሄድሁ።

«አባቴ፣ ለእርስዎ የሚሆን ይኸ ነው» ብሎ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ ከመደርደሪያ አወረደ። ክዳኑ ላይ ጭረት አለበት።

«ዕድሜው?»

«አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሲሠራበት የቆየ ነው።»

«ጥርሱን አሳየኝ።»

መጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ ግን ገባውና ገለበጠው። ሆዱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የተሠራበት ዘመን ተጽፎበታል። ነጋዴው አስልቶ ነገረኝ፤ እንዳለውም አሥር ዓመቱ ነው። አልዋሸም። በሬ ሻጭ ቢሆን ሁለት ዓመት ይቀንስ ነበር።

«በል ያለውን ንገረኝ።»

«ፕሮሰሰሩ ባለ ሁለት ነው። ራሙ አራት ጊጋ፣ ሀርድ ዲስኩ አምስት መቶ ጊጋ። ስክሪኑ አሥራ አራት ኢንች። ባትሪው ሁለት ሰዓት ይቆያል።»

«አሁን ደግሞ በአማርኛ።»

ራሱን አከከ። «ፕሮሰሰሩ ማለት ሥራውን የሚሠራው ነው። ባለ ሁለት ማለት...»

«ጥማድ ነው» አልሁት።

«ጥማድ ነው። ሀርድ ዲስኩ የጻፉትን ሁሉ የሚያስቀምጡበት ነው፤ ቢያጠፉትም አይጠፋም።»

«ጎተራ።»

«ራሙ ደግሞ አሁን እየሠሩበት ያለውን ዘርግቶ የሚይዝ ነው። ሲያጠፉት ባዶ ይሆናል።»

«እሱማ አውድማው ነው» አልሁ። «እህሉ ከተነሣ በኋላ አውድማ ላይ ምን ይቀራል? ግን ጎተራው አምስት መቶ ሆኖ አውድማው አራት ከሆነ ጠባብ አይደለም?»

«ጠባብ ነው አባቴ። ቀስ ብሎ ይወቃል እንጂ ይወቃል።»

ይህ መልስ ደስ አለኝ። ጉድለቱን የሚነግርህ ሻጭ ሌላውንም አልደበቀህም ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። በዚህ ትንሽ ተሳስቻለሁ፤ እደርስበታለሁ።

ከዚያ አስከፈትሁትና ጆሮዬን በጎኑ ላይ ጣልሁ። ይተነፍሳል። እጄን ቀዳዳው ላይ ስይዘው ሞቅ ያለ አየር ያወጣል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ሲሠራ ይሞቀዋል፤ ሙቀቱን እያወጣ ነው። አፉን እንዳይደፍኑበት፤ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አይቀመጥም።»

ትንፋሹ እኩል ነው፤ አይቆራረጥም። ይህንንም ተቀበልሁ። ቀጥዬ «ጥመደውና ልየው» አልሁት። በሬ ሳይጠመድ አይገዛም። ነጋዴው ገመዱን ነቅሎ ፊልም ከፈተበት፤ እኔም በርጩማ ስቤ ሁለት ሰዓት ይሙላ አይሙላ ልጠብቅ ተቀመጥሁ። ከሱቁ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ነበርና ሁሉን ያያል። እንደ እኔ ሽማግሌ ነው፤ አፉ ግን አላረጀም።

«አባ፣ ጠጋ አይበሉት፤ የሚዋጋ እንደሆነስ?» አለኝ።

«ቀንድ እንደሌለው አይቻለሁ» አልሁት።

«ቀንድ የሌለው በሬ በእግር ነው የሚማታ።»

ባትሪው ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጠፋ። ላሮጌ ይበቃዋል። «በል ዋስ ጥራ» አልሁ።

«የምን ዋስ?» አለ ነጋዴው።

«የሰው ዕቃ ላለመሆኑ ነዋ! በሬ ያለ ዋስ ይሸጣል እንዴ?»

«አባቴ፣ ይህ እኮ ኮምፒውተር ነው። ደረሰኝ እሰጥዎታለሁ።»

«ደረሰኙ አፍ የለው። ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ማንን ልያዝ?»

ልብስ ሰፊው መርፌውን አቁሞ «እኔ ዋስ ነኝ» አለ። «የሰው ሆኖ ቢገኝ እኔን ያዙኝ። ግን ቢወጋዎት የለሁበትም።» እንዲህ ሆኖ ላፕቶፑ በዋስ ወደ ቤቴ መጣ።

ልጄ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ነጋዴው ውስጡን ጠርጎ እንደ አዲስ አድርጎልን ነበርና የሚጠይቀው ብዙ ነው። መጀመሪያ ቋንቋ ምረጡ አለ። እንግሊዝኛ አለች። ቀጥሎ አገራችሁ የት ነው አለ። ልጄ የአገር ስም እያሳለፈች እያሳለፈች ሄዳ ኢትዮጵያ ላይ ቆመች። በዚህ አከበርሁት፤ እንግዳ ቤት ገብቶ አገራችሁ ወዴት ነው ማለት ወግ ነው።

ባለቤቱ ማነው አለ። እሷ የእኔን ስም ልጻፍ ትላለች፣ እኔ ያንቺን እላለሁ፤ በመጨረሻ የእሷ ተጻፈ። ከዚያ ፓስወርድ አለ።

«አባዬ፣ ሌላ ሰው የማያውቀው፣ እኔም የማልረሳው ቃል ይፈልጋል።»

«የመጀመሪያ በሬዬን ስም ጻፊ» አልኋት። ያ በሬ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ስሙን ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቅ የለም። ጻፈችው። ዛሬም የሚከፈተው በእሱ ነው።

እስከዚህ ተስማማን። የተጣላነው በቀኑ ላይ ነው። ማሽኑ የሆነ ያረጀ ዘመን ላይ ቆሞ ነበር፤ ልጄ ልታቀናው ስትል ጠጋ ብዬ አየሁ።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«የፈረንጁን ቀን።»

«ለምን?»

«ማሽኑ የፈረንጅ ነዋ አባዬ።»

«ቤቱስ የማነው?»

እኔ ደግሞ ከያዝሁ አለቅም። ከዚህ ቤት የገባ ሁሉ በእኛ ቀን ነው የሚኖር። ሬዲዮው በእኛ ሰዓት ነው፤ የግድግዳው ሰዓት በእኛ ሰዓት ነው። ጠዋት ከመኝታዬ ተነሥቼ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስምንት ነው የሚለኝን ዕቃ ቤቴ አላስቀምጥም አልሁ። እናቷ ከወዲያ ሆና «አሁን ይህ ሰው ከማን ጋር ነው የሚሟገተው? ከዕቃ ጋር?» አለች። ቢሆንም አልተበገርሁም። ልጄ ልቧ ጽሑፉ ላይ ነበርና «እሺ፣ ይሁንልዎ» ብላ የእኛን ዓመተ ምሕረት ጻፈች። ወሩን በቁጥር ጠየቀ፤ መጋቢት ከመስከረም ሰባተኛ ነውና ሰባት አልነው። ቀኑን አራት፣ ሰዓቱንም በእኛ። ማሽኑ አንድም ቃል አልመለሰ። ዝም ካለ ተስማምቷል አልሁ።

ሁለት ሳምንት እንደ ጥሩ በሬ አረሰ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁጭ ትልና ትጽፋለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ሲበዛበት ጮክ ይላል፣ አረፍ ስትል ይቀንሳል። ጎረቤት ሲመጣ «ጥማድ ነው፣ አውድማው አራት፣ ጎተራው አምስት መቶ» እያልሁ አሳይ ነበር። ገጹ ሞላ። ገጽ አሥራ ሁለትን አስነብቤ ሰማሁት፤ ያልሁትን አልለወጠችብኝም።

የገብርኤል ዋዜማ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ልትልክ ተቀመጠች። የስልኳ መስታወት ተሰንጥቆ ጽሑፉን አይከፍትም፤ ኔትወርኩን ግን ወደ ላፕቶፑ ታስተላልፋለች። የምትማርበትን ኮሌጅ የኢንተርኔት ገጽ ስትጠራ ቀይ ነገር መጣና ዘጋባት። ደገመች፤ ዘጋባት። ሠለሰች፤ ያው ነው።

«ምን ይላል?»

«ግንኙነቱ አያስተማምንም ይላል። ልለፍ ብለውም አያሳልፍም።»

«ማን ነው የማያስተማምን?»

«እኔ እንጃ አባዬ።»

እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ ነው እንጂ። የተሰረቀ በሬ ከአገሩ ሲርቅ ምንም አይሆንም፤ ያርሳል፣ ይበላል። የሚያዘው ገበያ ሲወጣ ነው፤ የሚያውቀው ሰው አለና። ይህም ቤት ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ ሰው ፊት ሲወጣ ነው የተከለከለው። የሰው ዕቃ ነው! ገጹ አውቆበታል አልሁ።

«ጽሑፉን በፍላሽ ይዤ ቡሬ ካለ ኢንተርኔት ቤት ብልከውስ?» አለች።

«በሰው ማሽን ባለፈው ዓመት ምን እንዳገኘሽ ረሳሽ? ዋስ አለኝ። ነገ ዋሴን እይዛለሁ።»

በማግሥቱ እሷ የጠዋቱን ክፍል አስተምራ ወጣች፤ ባጃጅ ይዘን ቡሬ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ሱቁ ዝግ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ነጋዴው ለጁምዓ ሶላት ሄዷል። ልጄ ሰዓቷን ታያለች። መንገዱ ከፀሐዩ የተነሣ ይፋጃል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሣል።

«አባዬ፣ እስኪመጣ ኢንተርኔት ቤት ልሞክር፣ ይስጡኝ።»

ላፕቶፑን በጋቢዬ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። «ማስረጃ ነው፤ አልሰጥም።»

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና አለ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ? ወጋዎት?»

«አንተ ዋስ አይደለህ? ተነሥና ተያዝ። ዕቃው የሌባ ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ዋስነት ቀልድ አይደለም፤ እሱም ያውቀዋል። መርፌውን ነቅሎ አስቀመጠና «ይምጣና እንሰማለን» አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በዚያ በረንዳ ላይ አስቀመጥኋት። ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ፣ ቀኑ እየሄደ ነው» አለች፤ እኔም «እውነቱ ይውጣ» አልሁ። አሁን ሳስበው እውነቱ የሚወጣው ለእኔ ነበር፤ ቀኑ የሚሄደው ግን በእሷ ላይ ነበር።

ነጋዴው መጣ። ገና ሱቁን ሳይከፍት አፌን ከፈትሁበት። አባትህ ጨርቅ ሲለካ አንድ ስንዝር ጨምሮ የሚሰጥ ሰው ነበር፣ አንተ ግን የተሰረቀ ዕቃ ሸጥህልኝ አልሁት። መንገደኛ ቆሞ ሰማ። የነጋዴው ፊት ጠቆረ።

«አባቴ፣ ሲጨርሱ ይክፈቱልኝና ልየው» አለ።

ልጄ ከፈተችው። ነጋዴው ቀዩን ገጽ አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ ማዕዘኑ ሄደ። እዚያው ቆየ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አለኝ።

«ገብርኤል ነዋ፤ እስላም ብትሆንም ገብርኤልን ታውቀዋለህ።»

«በፈረንጅስ?»

«እኔ ምን አገባኝ።»

«ማሽንዎ ክረምት ላይ ነው ያለ» አለ። «ሐምሌ ውስጥ ነው። ያውም የዛሬ ስምንት ዓመት ሐምሌ።»

ልብስ ሰፊው ወደ ደጁ፣ ወደሚጤሰው መንገድ ተመለከተና «ዝናቡ ታዲያ ወዴት ሄደ?» አለ።

ልጄ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። እሷ ወዲያው ገባት። እኔ አልገባኝም።

ነጋዴው በርጩማ ሰጠኝና ቀስ ብሎ ነገረኝ። «አባቴ፣ ይህ ማሽን ወደ አንድ ገጽ ሲሄድ ገጹ ወረቀቱን ያሳየዋል። ወረቀቱ ላይ የተሰጠበት ዘመን አለ፤ ዘንድሮ የተሰጠ ነው። የእርስዎ ማሽን ግን በነገሩት ቀን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ዘንድሮ የሚባለው ለእሱ ገና አልመጣም። እርስዎ እስቲ ይፍረዱ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ የተጻፈ ውል ይዤ ዛሬ ብመጣብዎ ያምኑኛል?»

«አላምንህም» አልሁ።

«ምን ይሉኛል?»

«ውሉ ሐሰት ነው፣ ውጣ እልሃለሁ።»

«እሱም ያለው ይህንኑ ነው።»

ማሽኑ አልሰረቀም፣ አልተሰረቀም። እኔ በነገርሁት ቀን ቆሞ፣ እኔ የምፈርደውን ፈረደ። የጠረጠረው በእኔ ጠባይ ነው።

ልጄ ቀኑን ልታቀና ቁልፍ ስትነካ ነጋዴው «እኔም የተውሁት አለ» አለ። «ውስጡ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለች ባትሪ አለች፤ ሲጠፋ ዘመኑን የምትይዝለት እሷ ናት። እሷ ሞታለች። ትልቁ ባትሪ ባለቀ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ስሸጥልዎ ልነግርዎ ይገባ ነበር።»

ደግ አደረገ፤ ግን የእሱ ጥፋት ከእኔ ጋር አይመዘንም። እሱ ረስቶ ነው፤ እኔ በአደባባይ ሌባ ብዬዋለሁ፣ የሞተ አባቱንም አንሥቻለሁ። በአገራችን ሰው የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅር በሉኝ የሚለው። ድንጋይ ፈለግሁ፤ በአስፋልቱ ዳር ጠጠር እንጂ ድንጋይ የለም። የልብስ ሰፊው የከሰል ካውያ በረንዳው ላይ ነበር። አነሣሁና ትከሻዬ ላይ አደረግሁት።

ነጋዴው ደነገጠ። «አባቴ፣ ያውርዱት፤ ምን አደረጉ! የአባቴ ወዳጅ ነዎት።»

«ይቅር ካላልኸኝ አላወርድም።»

«ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ።»

«እኔ ግን ገና ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ዋስ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ አስረውኛል። ያውም ካውያው ፍም አለበት፤ ጋቢዎ ሳይነድ ቶሎ ልበል። ይቅር ብያለሁ።» ካውያውን ከትከሻዬ ተቀብሎ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አሁን ማሽንም ተጨመረበት» አለ። ጋቢዬ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠቁሯል። እስካሁን አለ፤ እናቷ ልጣፍልህ ብትል እንቢ ብያታለሁ።

ልጄ ቀኑን አቀናችው። ገጹ ያለ ምንም ነገር ተከፈተ፤ እንደማያውቃት ሆኖ የነበረው ስሟን ጠርቶ ተቀበላት። አሥር ሰዓት አልፏል። ጽሑፉን ልትልክ ስትል መብራት ሄደ። የሱቁ ኢንተርኔትም አብሮ ሄደ። ነጋዴው ጀነሬተር የለውም።

«ስልኬን ላገናኘው» አለች። «ግን ባትሪው...»

«ሁለት ሰዓት ነው» አልሁ። «አይቼ ነው የገዛሁት።»

«ሳንሞላው ነው የመጣነው አባዬ። ሃያ አምስት በመቶ ይላል።»

ነጋዴው መጥቶ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አደረገላት፤ እንዲህ ሲሆን ይቆጥባል አለ። እሷ ላከች። አንድ ትንሽ መስመር እየሞላ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል። ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ ልብስ ሰፊው ተነሥቶ ከእጇ ወሰደና በረንዳው ጫፍ ላይ፣ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አቆመው። «እዚህ ጋ ይይዛል፤ ከልጄ ጋር የማወራው እዚህ ነው» አለ። መስመሩ ሄደ። እኔ ጆሮዬን ጎኑ ላይ ጥያለሁ፤ ትንፋሹ በርትቷል። ግማሽ ደረሰ። አሥራ አራት በመቶ። በልቤ ለገብርኤልም ነገርሁ፤ ለማሽኑም ለብቻው «በርታ» አልሁት፤ ዳገት ላይ ለበሬ እንደሚባለው። መስመሩ ሞላ። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን «ተቀብለናል» የሚል ቃል መጣ።

ልጄ ክዳኑን ዘጋችና ግንባሯን ላዩ ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊው መኪናውን ማዞር ጀመረ።

ያቺ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ገበያ ላይ ጠፍታ ከረመች፤ ስለዚህ ማሽኑ ባለቀ ቁጥር ዘመኑን ይረሳል። የሚያቀናው እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ለሰው አልሰጥም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝና። አስቸጋሪ አይደለም። ቀኑን እኔ በታቦት ነው የማውቀው፤ ሚካኤል አሥራ ሁለት፣ ገብርኤል አሥራ ዘጠኝ፣ ማርያም ሃያ አንድ። በዚያ ላይ መጋቢት ከሆነ ዘጠኝ፣ ሚያዝያና ግንቦት ከሆነ ስምንት ትጨምራለህ። ዓመቱ ከመስከረም ጀምሮ ሰባት ነው፤ የፈረንጁ ዓመት ሲለወጥ ስምንት ይሆናል። የወሮቻቸውን ስም ልጄ በካርቶን ጻፈችልኝ፤ ክዳኑ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። የግድግዳው ሰዓት ግን በእኛ ነው፤ በእሱ ማንም አይመጣብኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከእርሻ ስመለስ ልጄ ላፕቶፑን ከፍታ ተቀምጣለች። መልስ መጥቶ ነበር። አላነበበችውም፤ እኔን ስትጠብቅ ነው።

«መጀመሪያ ቀኑን ይዩልኝ አባዬ» አለች።

መነጽሬን አደረግሁ። ካርቶኑን ሳላይ የወሩን ስም ለየሁ፤ ሜይ ዘጠኝ ነው። «ልደታ ናት» አልኋት። «ግንቦት አንድ። ዛሬ ነው የተላከ።»

ከዚያ አነበበችው። አልፋለች። እናቷ ከጓዳ እልል አለች። እኔ ስለ ስምንተኛ ክፍሏ ዓመት ልናገር አሰብሁና ቃሉ አልመጣልኝም፤ እሷም አላነሣችው። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጄ ክዳኑ ላይ ነበር።

«ጋቢዎን ያንሡለት አባዬ» አለች። «አፉን ደፍነውታል፤ ይሞቀዋል።»